ገና እመጣለሁ

ይርጋነሽ የቢቸና መዝገብ ያዥ ናት። ሟች ወንድሟ የጀመረውን የቤተሰብ ደብዳቤ የመሰብሰብ ሥራ ሳትጨርስ እፎይ አትልም፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የሞጣው ደብተራ ሀብተ ሥላሴ ለቅድመ አያቷ ለወለተ ሐና በሲራራ ነጋዴ እጅ የላካቸውን ስድስት የፍቅር ደብዳቤዎች ገልብጣለች። የጎደለው የወለተ ሐና መልስ ነው። እሱ ደግሞ ሞጣ፣ የደብተራው የልጅ ልጅ እማማ ስርጉት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

እማማ ስርጉት ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን መልሰዋታል። ዛሬ ሦስተኛዋ ነው። ገና ከደጅ ሳለች ጀመሯት።

«አያቴን በተስፋ አስቀምጣ ለሌላ የታጨችው ሴት ልጆች! ደግሞ ምን ቀራችሁ?»

«በእኛ ቤት እኮ ከዳተኛው እሳቸው ናቸው፣ እማማ። ቀን ቁረጥ ብትላቸው አድበሰበሷት ነው የሚባለው።»

«አድበሰበሳት? በልደት ዋዜማ በቅሎውን ጭኖ ቢቸና ደርሶ፣ ታጭታ ነው ያገኛት!»

ይርጋነሽ ደንገጥ አለች። ይህን ሰምታ አታውቅም።

«እንግዲያው የእሷን አንዴ ያንብቡልኝ። በድላቸው ከሆነ ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም።»

እማማ ስርጉት በንዴት ሳጥኑን ከፍተው መነጽራቸውን ሰኩ። «‹መቼ ትመጣለህ ብዬ ብልክብህ፣ ገና አልኸኝ። ቀን የሌለው ቀጠሮ ሰለቸኝ። አባቴም ለሌላ ቃል ሰጠ።›»

ይርጋነሽ የደብተራውን የመጨረሻ ደብዳቤ ግልባጭ አወጣች። ራሷም አራት ዓመት ሙሉ አንዷን ፊደል አላልታ ስታነበው ኖራለች።

«ይኸው፣ ‹መቼ ላልሽኝ፣ ገና እመጣለሁ› ይላል። እማማ፣ ‹ና›ን ያጥብቋት እስቲ!»

«ገና እመጣለሁ...» አሮጊቷ ብድግ አሉ። «የልደት ለት! በስመ አብ! ቀኑንማ ቆርጦላታል!»

«እሷ ፊደል አትለይም ነበር፤ የምታስነብበውም የምታስጽፈውም በሰው ነው። ያነበበላት ሰው አላልቶባት ኖሯል።»

«ቆይቼ እመጣለሁ ያላት መሰላታ!» እማማ ስርጉት ጭናቸውን መቱ። ከዚያ ሳቅ አፈናቸው። «ወይ አያቴ! ያን ሁሉ ዘመን ቅኔ ዘርፈህ፣ ‹በልደት› ማለት አቅቶህ ሚስት ታጣ?»

«እርስዎም እኔም የተወለድነው በዚያች ፊደል ነው፣ እማማ።»

«አፍሽን ያዢ፣ ባለጌ!» አሉ እየሳቁ፤ ከሳጥኑ ሥር በሻሽ የተጠቀለለ ጥራዝ አውጥተው ጭኗ ላይ ጣሉላት። አንድ መልስ ብቻ አልነበረም፤ ዘጠኝ ነው። «ከቤቴ ግን አይወጣም። እዚሁ ቁጭ ብለሽ ገልብጪ። ጮክ ብለሽም አንብቢ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን እኔ እነግርሻለሁ።»