ንጹህ ሸክላ ላይ የተሰማ ጭረት

ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ሸክላ አዳማጩ ነው የሚባሉት። ከሙዚቃ ሸክላ መሸጫው ሱቅ በር አጠገብ በርጩማ ላይ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ይቀመጣሉ። ሸክላውን ወደ ብርሃን ያዘነብሉታል፤ ከዚያ መርፌዋን ያሳርፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጥሩምባው ሲገባ ሦስት ጣቶቻቸው ጉልበታቸውን ተራ በተራ ይጫናሉ። ድሮ ይነፉ እንደነበር ጠይቋቸው የሚያውቅ ግን የለም።

የዚያን ቀን በካርቶን ከመጡት ሸክላዎች የመጀመሪያው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ድምፁ ግን እንደተጫረ ሸክላ ይንሿሿል።

«ይሄ ጭረት የዚህ ሸክላ አይደለም» አሏት ልትገዛው አጠገባቸው የቆመችውን ሴት። «ካረጀ ሸክላ ሲገለብጡት ቁስሉንም አብረው ገለበጡት። ፎርጅድ ነው፣ ልጄ።»

የባለሱቁ ፊት ጠቆረ። «አባባ፣ እኔ የቀጠርኩዎት ኦሪጅናል ነው እንዲሉልኝ ነው።»

«የቀጠርከው ጆሮዬን ነው። ስለ ምላሴ መች ተነጋገርን?»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡና ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ፎርጅድ» ብለው ጻፉ።

«ነገ አልመጣም» አሉ። «ዛሬ ግን ገና አልመሸም።»

ካርቶኑን በእግራቸው ወደ ራሳቸው ሳቡና ሁለተኛውን ሸክላ አነሱ።