ስለ አሜሪካ ለመስማት ወደ ዙሪክ

ግራንድ ሳኮኔ፣ ጄኔቭ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጄኔቭ ይህን ያህል ዓመት ብኖርም የፈረንጁን ሰዓት የማስታውሰው ለባቡር ብቻ ነው። ገና ሳይነጋ ካፖርቴን ደርቤ፣ የዊልቸሬን ጎማ ፈትሼ ወጣሁ። ለማያውቀኝ አንባቢ፦ ልጅ ሳለሁ ፖሊዮ እግሬን ወስዶብኛል። ምላሴን ግን አልነካትም።

የምሄደው ሐያትን ለመስማት ነው። ሐያት የደሴዋ አብሮ አደጌ የዘይነባ ልጅ ናት። ጥገኝነት ጠይቃ ስዊዘርላንድ ገባች፤ አሁን ዙሪክ፣ ዜባህ ትኖራለች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እየሠራች ሙያውን ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እነሱ «ሌረ» ይሉታል። ለመጨረስ አንድ ጥናት ጽፋ፣ በሁለት ፈታኞች ፊት ቆማ በጀርመንኛ ማስረዳት አለባት። የመረጠችው ርዕስ ሕግና አመፅ አሜሪካን እንዴት እንደለወጧት ነው፤ በተለይ ለአካል ጉዳተኞች። የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በወጣ ሰሞን እኔ እዚያ ተማሪ ስለነበርኩ በስልክ ስትጠይቀኝ ከርማለች።

ችግሩ ሌላ ነው። የክፍል ጓደኞቿ ፊት ስትለማመድ ሁለት ጊዜ ድምጿ ጠፍቶባት እያለቀሰች ተቀምጣለች። ዛሬም ከጠፋባት ዓመቱን ልትደግም ነው።

«እትዬ፣ እርስዎን እያየሁ ከሆነ እናገራለሁ» አለችኝ። እንግዳ ይፈቀዳል። እምቢ ብል ዘይነባ ደሴ ሆና ትረግመኛለች።

የአውቶቡሱ ሾፌር ፖርቹጋላዊ ነው። ወርዶ መወጣጫውን በእጁ ዘረጋልኝ።

«ማዳም፣ በዚህ ሰዓት ወዴት ነው?»

«ፈተና አለብኝ።»

«በዚህ ዕድሜ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ባቡር ውስጥ፣ ከአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ

ጣቢያው ላይ ቡናና ክሯሳን ገዛሁ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ እናንተም ተረጋግታችሁ አንብቡ። የባቡሩ ወለል ከመድረኩ እኩል ስለሆነ ማንንም ሳላስቸግር ተንከባልዬ ገባሁ። ትኬት የምታየዋ ሴት ግን ቅር አላት።

«ለእርዳታ ቀድመው ደውለዋል?»

«አልደወልኩም። ወለሉ ረድቶኛል።»

ፈገግ ብላ ትኬቴን አየችልኝ። በስተቀኝ ሐይቁ፣ ማዶ በረዶ የለበሱ ተራሮች፣ በስተግራ በእርከን የተተከለ ወይን። ሎዛን ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ብዙ ጊዜ ያየሁት መንገድ ነው፤ ዛሬም ግን ደስ አለኝ።

አሜሪካ ሳለሁ አውቶቡስ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የዊልቸር ማንሻው እያጓራ ወደ እኔ ሲወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። አንድ ቀን ሾፌሩ «ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ጥቁር አሮጊት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው፣ «እኔም እዚህ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት በሕግ ነው። ያውም ስንት ተጩሆበት» አሉት። ይህን ለሐያት ስነግራት ወዲያው ጻፈችው።

ፍሪቡርን አልፈን የድምፅ ማጉያው ከፈረንሳይኛ ወደ ጀርመንኛ ሲዞር ዘይነባ ደወለች።

«የት ደረስሽ? ልጄን አደራ! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ‹ዝም አይነቅዝም› እያልኩ አሳደግኳት።»

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለውንስ ለማን ትተሽው ነው?»

«እሱን አንቺ ብቻሽን ወስደሽዋል!» አለችና ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው።

ዙሪክ፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ

የመጣው ትራም አሮጌ ነው፤ ደረጃ አለው። ቀጣዩን ልጠብቅ ዞር ስል ሁለት የሀበሻ ልጆች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ግራና ቀኝ ያዙኝ።

«ማዘር፣ እኛ እያለን!»

«ኧረ ተዉ፣ ቀጣዩ ደረጃ የለውም!»

«ቀጣዩን ማን ይጠብቃል?»

ከነዊልቸሬ አንስተው አስገቡኝ። ትራሙ ከተንቀሳቀሰ በኋላ አንደኛው በመስኮት አይቶ ጮኸ። ለካ እነሱ የሚሄዱት በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። በሚቀጥለው ፌርማታ እየተሳሳቁ ወረዱ። ወገን ሲረዳ መጀመሪያ ይሸከማል፣ ከዚያ ይጠይቃል።

ትምህርት ቤቱ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ሐያት አረንጓዴ ሻሿን አስራ በር ላይ ቆማለች። ፊቷን ሳይ የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። በሩ ላይ ይቅርታ የሚጠይቅ ወረቀት ተለጥፏል። ፈተናው ሁለተኛ ፎቅ ነው።

«ግድ የለም» አልኳት። «በእጄ እየተንፏቀቅኩ እወጣለሁ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የገባሁት እንዲያ ነው።»

ሐያት ደረጃውን አየች፣ እኔን አየች።

«አይሆንም እትዬ። እርስዎ አይወጡም። ፈታኞቹ ይወርዳሉ።»

ሽቅብ ወጣች። ብቻዬን ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ለማታውቃቸው ሰዎች ‹ውረዱ› ልትል ነው፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ለዚያውም ከፈተናዋ በፊት! ድምጿ እዚያው ላይ ቢጠፋስ?

ቆይቶ የእግር ኮቴ ሰማሁ። መጀመሪያ ሐያት ኮምፒውተሯን አቅፋ ወረደች። ቀጥላ አንዲት ቀጭን መምህርት ሁለት ወንበር ይዛ፣ በመጨረሻ አንድ ራሰ በራ መምህር ጠረጴዛ ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። ጨብጦኝ፣ «ይህን እኛ ቀድመን ማሰብ ነበረብን» አለኝ። ጠረጴዛው ከደረጃው ሥር ተዘረጋ።

ሐያት ጀመረች። ጥቁሮቹ ከአውቶቡስ ወንበር አንነሣም ማለታቸውን፣ ከዚያ ሰልፉን፣ እስሩን፣ ሕጉን ተናገረች። አካል ጉዳተኞቹ ከእነሱ ተምረው፣ የወጣላቸው ሕግ ሥራ ላይ ይዋል ብለው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብተው አንወጣም አሉ፤ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። የጥቁሮች መብት ታጋዮች ትኩስ ምግብ አመላለሱላቸው። እዚህ ላይ ቆመች። አየችኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁላት።

«ብዙ የሚጻፈው ስለ መሪዎቹ ነው» አለች። «የእኔ ሥራ እንክብካቤ ስለሆነ ሌላ ነገር ፈለግሁ። ሌሊት ማን ያገላብጣቸው ነበር? ማን ያጥባቸው ነበር? ተንከባካቢዎቻቸው አብረዋቸው መሬት ላይ ተኝተው ነበር። የእነሱም ሕግ ነው።»

መምህርቷ መጻፏን ትታ አየቻት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁም።

ከዓመታት በኋላ ዋናው ሕግ ሲጓተት ሰዎች ዊልቸራቸውን ትተው የምክር ቤቱን ደረጃ በእጃቸው እየዳሁ ወጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሕጉ ተፈረመ። ይህን ስትናገር ከኋላዋ ያለው ደረጃ ይታየኛል።

ራሰ በራው ጥያቄ ነበረው። «አሜሪካኖች መጀመሪያ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ሕግ ያወጣሉ። እኛ በእርጋታ ድምፅ እንሰጣለን። የቱ ይሻላል?»

እንዴት ያለ ክፉ ጥያቄ ነው! ሐያት አልቸኮለችም።

«እዚህም ሕጉ አለ። ሊፍቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀትም በጣም ትሑት ነው» አለች፤ መምህርቷ ሳቋ አመለጣት። «እንግዳዬ ግን ታች ቀርተው ነበር። በጩኸትም ይሁን በእርጋታ፣ አንድ ሰው ሄዶ በሩን ማንኳኳት አለበት። ዛሬ እኔ አንኳኳሁ።»

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። ውጤቱ በኋላ በደብዳቤ እንደሚመጣ ነገራትና እጇን ጨብጦ፣ ጠረጴዛውን መልሶ ተሸክሞ ወጣ።

እኔ ወዲያው ደሴ ደወልኩ። ዘይነባ ገና «ሀሎ» ሳትል ሐያት ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከአውቶቡሱ ወንበር ጀምራ፣ ሊፍቱን፣ ጠረጴዛውን፣ ጥያቄውን፣ መልሷን ሳትተነፍስ አወራች። ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» ለማለት እንኳ ቦታ አጣች። እኔም የምለው ነበረኝና ስልኩን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ እትዬ» አለችኝ፣ መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታ፤ «አልጨረስኩም።»