የመቅደስ ሦስት እሁድ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ድፍረቴ እስከዚህ ብቻ ነው።

እኔና መቅደስ ቀራንዮ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን የምንኖር ጓደኛሞች ነበርን። አንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት የቢዝነስ ሲስተም አናሊስት ፈልጎ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ለኢንተርቪው ጠራን፤ እኔን ጠዋት፣ እሷን ከሰዓት። ክፍት የሥራ ቦታው አንድ ብቻ ነው። ሥራው በአጭሩ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቆ፣ የት እንደሚደነቃቀፉ አግኝቶ፣ መፍትሔውን ለፕሮግራመር ማስረዳት ነው። ከሁለታችን ይህን የምትችለው እሷ ነበረች። እኔ የምችለው ከኢንተርኔት የቃረምኩትን እንግሊዝኛ መደርደር ነበር።

መቅደስ ለልምምድ ብላ የሰፈራችንን እድር አጠናች። በአንድ ቀን ሁለት ሰው ከሞተ ያው አንዱ ድንኳን ለሁለት ለቅሶ ቤት ይፈቀድና ጠብ ይነሳ ነበር። ሦስት እሁድ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ዕቃ ጠባቂውን ጋሽ ታደሰን ጠየቀች። ለካ ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ ሊቀመንበሩ ጋ፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይፈቅዳሉ። ይህን ወረቀት ላይ ስላ አስረዳችኝ፣ የጎደለውን እንድነግራት። ምንም አልጎደለውም።

የኢንተርቪው ቀን ጠዋት ሦስት ጠያቂዎች ፊት ተቀመጥኩ። የተዘበራረቀ አሠራር ያስተካከልሽበትን አጋጣሚ ንገሪን አሉኝ። የሸመደድኩት ሁሉ ጠፋ። አፌን ስከፍት የመቅደስ እድር ወጣ። "ሦስት እሁድ ተቀመጥኩ" አልኩ። እኔ! እሁድ እስከ ስድስት ሰዓት የምተኛው እኔ! ከሁሉ የከበደሽ ምን ነበር ሲሉኝ ጋሽ ታደሰን ማናገር አልኩ፤ ሰላም እንኳ ብያቸው አላውቅም። በሕይወታቸው የእድር አግዳሚ ተሸክመው የማያውቁት ሦስቱ ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ውሸቴን እንደ ወንጌል ጻፉት። ናቅኳቸው። መናቅ የነበረብኝ ሰው ግን ሸሚዝ አስተኩሼ የሄድኩት እኔው ራሴ ነበርኩ።

ይህ ሌብነት ነው። የባሰው በማግስቱ መጣ። 18 ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ከጠያቂዎቹ አንዱ ደወለ።

"ከአንቺ በኋላ የገባችው ልጅ ያንኑ ታሪክ ነገረችን። ሰፈራችሁም አንድ ነው። የእድሩ ጥናት የማን ነው?"

"የኔ ነው" አልኩ። አልበቃኝም። "ጎረቤቴ ናት፤ ላግዛት ብዬ የነገርኳት ነው። እባካችሁ አትቀየሟት።"

ይህቺን "አትቀየሟት" ልብ በሉልኝ። የሰረቅኳትን ልጅ አማላጅ መስዬ ቀበርኳት። ሥራውን አገኘሁ።

ለመቅደስ ምክንያቱን የነገራት የለም። "እንግሊዝኛዬ ነው መሰለኝ የጣለኝ፣ እቴ" አለችኝ። ሳይሆን አይቀርም አልኳት። ሄዳ የእንግሊዝኛ ኮርስ ተመዘገበች። እኔም መጽሐፍ አዋስኳት! ከዚህ የበለጠ ቆሻሻ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ዓለም ባንክ ሰፈር ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሸጣለች። ባለፈው ወር ድርጅታችን ሌላ አናሊስት ፈለገ፤ ማመልከቻዎቹን የምለየው እኔ ነኝ። የመቅደስ ማመልከቻ መጣ፤ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ከገባች በሳምንቱ የእድሩ ጥናት የማን እንደነበር ይታወቃል። ስለዚህ ከሚጠሩት ዝርዝር አወጣኋት።

ትናንት ደወለችልኝ። "አንቺ እዛ ስላለሽ ነው ደፍሬ ያመለከትኩት፤ ቢጠሩኝ ቀድመሽ ትነግሪኛለሽ አይደል?"

"እንዴታ!" አልኳት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ዝርዝሩ ገና አልተላከም፤ ስሟን መመለስ እችላለሁ። አልመለስኩትም።