ስንዝር ከአራት ጣት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ነፍሱን ይማርና፣ ዓለምንም የሚለካው አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው ሜትር ነበር። እኔ ትምህርት ስጨርስ የወረሳት አንዲት የተማሪ ሉል ከስፌት መኪናው አጠገብ ትቀመጣለች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ውጭ አገር ያለ ዘመዱን ከተማ በጣቱ ያሳየዋል፤ አባቴም ከእኛ ከተማ አንስቶ ሜትሩን ይዘረጋና ፍርዱን ይሰጣል። «ያንቺ ልጅማ እዚሁ ናት! ስንዝር እንኳ አትሞላም።» ሰፈሩ ለመደው። በኪሎ ሜትር የሚያወራ ጠፋ። «ልጄ ስንዝር ላይ ነው» ሲባል የሰማ እንግዳ ምን ይበል?

ታላቅ ወንድሙ፣ እኛም እንደ እሱ ጋሼ የምንለው፣ የሚኖረው ስንዝር ከአራት ጣት ላይ ነበር። አባቴን ያሳደገው፣ መርፌ መያዝም ያስተማረው እሱ ነው። በጎረምሳነቱ ሄዶ እዚያው ቀረ። አባቴ በየዓመቱ «ቅርብ እኮ ነው፣ እሄዳለሁ» ይላል፤ አይሄድም። አውሮፕላን ሲፈራ ለጉድ ነው። እናቴ «አንተ እንደሆንክ ሉል ላይ ጀግና ነህ» እያለች ትተርበው ነበር። ሁለቱ አብረው ሲስቁ ቤቱ ይሞላል። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

አንድ ጠዋት ጋሼ ደወለ። ታሟል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡትም። «ሳልሞት ዓይንህን ልየው» አለው። አባቴ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ለደህና ቀን ያስቀመጠውን ሰማያዊ ሱፍ ከመደርደሪያው አወረደና ለጋሼ ሙሉ ልብስ ይቆርጥ ጀመር። ልኩን ደውዬ ልጠይቅልህ ብለው ተቆጣኝ።

«የጋሼን ትከሻ እኔ አላውቀውም?»

አብሬው በረርኩ። ወንበሩን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ነበር። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑን ሲሰማ ግን አስተናጋጇን ጠራት።

«የኔ ልጅ፣ ወዴት ነው የምትወስዱን? መንገዱ በዚያ በኩል ነው፤ ለክቼዋለሁ።»

«አባባ፣ እዚያ ሌላ አውሮፕላን ትቀይራላችሁ።»

«ወንድሜ እየጠበቀኝ? ለስንዝር መንገድ ይሄን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም!»

እስክናርፍ ድረስ ሲነጫነጭ መፍራቱን ረሳው። እኔ ደግሞ እስክንደርስ ጋሼን አቆይልን እያልኩ እጸልይ ነበር።

አቆየልን። መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ተቃቅፈው እንባቸው እስኪደርቅ አለቀሱ። ከዚያ ደግፈን አቆምነውና አባቴ ልብሱን አለበሰው።

ኮቱ ዋጠው። እጅጌው ጣቶቹን ሸፈነ፤ ትከሻው ወደ ክንዱ ወረደ። አባቴ የሰፋው በልጅነቱ አዝሎት ለዞረው ለዚያ ጎረምሳ ነበር።

አባቴ እስፒሎቹን ከንፈሩ መሃል ደርድሮ ተንበረከከና ጎኑን ሊያጠብ ጨርቁን ሰበሰበ። ጋሼ እጁን ያዘው።

«ተወው፣ ማሙሽ» አለ። አባቴን እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሌላ ሰው በዓለም ላይ አልቀረም። «አታጥብበው። አድግበታለሁ።»

አባቴ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። «አሜን ጋሼ» አለና ቁልፎቹን ይቆልፍለት ጀመር።