ከመንገዱ ሃያ ሜትር

በጃንሆይ ጊዜ አሰላ ውስጥ መሬት ለኪ ነበርኩ። ለኪ ስላችሁ ንብረቴ አንድ ሜትር፣ ጥቂት ችካልና አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት፣ ኩራቴ ግን የሚኒስትር!

በዚያ ክረምት አዲስ ደንብ መጣ። ከዋናው መንገድ ሃያ ሜትር ውስጥ የሣር ቤት አይቆምም፤ ይፈርሳል። በአንድ ግቢም ከአንድ ቤት በላይ አይሠራም። ከተማው እንዲያምር ነው ተባለ። ቆርቆሮ መግዣ የሌለውስ? ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ነሐሴ ላይ ጭቃውን እያቦካሁ፣ ጋሪዎቹ ከሚረግጡት ጫፍ እየለካሁ በየሣር ቤቱ በር ላይ ቀይ ምልክት መቀባት ያዝኩ። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ቆማ አየችኝ። "ደንብ ነው" አልኳትና አለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን የምኖርበት ጎጆ ደረስኩ። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ እማማ ነበር የምላቸው። ጎጇቸውን በመጋረጃ ከፍለው በአንዱ ጎን እሳቸው፣ በሌላው እኔ እንኖራለን። በእኔ ደሞዝ ከዚያ የተሻለ አይገኝም። ሜትሩን ዘረጋሁ፤ አሥራ ስምንት። ደግሜ ዘረጋሁ፤ ያው አሥራ ስምንት። እማማ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን አዩ፣ ችካሌን አዩ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ብሩሹን ነክሬ በራቸውን ቀባሁ። ምሳዬን እንደወትሮው አቀረቡልኝ።

በማግስቱ ደሜ ፈልቶ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

"ጌታዬ፣ ይሄ ደንብ አይሆንም!"

"ምን ነካህ አንተ?"

"ሰዉ የት ይውደቅ? እኔስ የት ልግባ? መምህሩም፣ ነርሷም፣ ጸሐፊውም ያለነው ሣር ቤት ውስጥ ነው። እሱ ከፈረሰ በዚህ ብርድ ማን ይቀራል?"

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰው በበሩ ብቅ ብቅ አለ። አሁን አባረሩኝ ስል አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔም ያደግኩት ሣር ቤት ነው" አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ተሟግተው ደንቡን አስለወጡ። ምልክት የተደረገበት የሣር ቤት መፍረሱ ቀርቶ ከሃያ ሜትር ወዲያ ተነስቶ ይቆማል፤ በአንድ ግቢም ቦታው የቻለውን ያህል ቤት ይሠራል።

መስከረም ሲጠባ ሰፈሩ ጣሪያ ተሸክሞ ወጣ። ግድግዳው ከጓሮ አዲስ ይቆምና ክዳኑ ግን እንዳለ ይነሳል። ጎረቤት ተጠራርቶ ከሥሩ ይገባል፤ አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆነው "ሱታ! ሱታ!" እያሉ በኦሮምኛ ቀስ ያሰኟቸዋል። ጎጆ እግር አውጥቶ ሲሄድ ማየት፣ ጉድ እኮ ነው! ሕፃን የታቀፈችው እናት እየሳቀች ከኋላ ትከተል ነበር። የእማማን ክዳን እኔም ተሸከምኩ። ደስ አለኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

ኅዳር ላይ መንገዱ ደረቀ። ጋሪዎቹም ጭቃ ሽሽት ዳር ዳሩን መሄዳቸው ቀረና መንገዱ ወደ ቦታው ተሰበሰበ። ለሌላ ጉዳይ ስለካ የእማማ የድሮው ምሰሶ ጉድጓድ ከመንገዱ ሃያ ሦስት ሜትር ሆኖ ተገኘ። የሌሎቹ ቤቶች መንገዱ አፍ ላይ ስለነበሩ ለውጥ አያመጣባቸውም፤ የእሳቸው ግን መነካትም አልነበረበትም። ጭቃውን መንገድ ብዬ ለክቼ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማማን ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ። ቤትዎን በከንቱ ነው ያስነሳሁት፤ የለካሁት ጭቃውን ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "የመንገዱን ጫፍ ከባሌ ጋር እዚህ ከገባን ጀምሮ አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ሁለት ቀን ሙሉ የሰው በር ስትቀባ አፍህ ተዘግቶ ነበር ልጄ። የኔንም ካልቀባህ የሚከፈት አልመሰለኝም።"