ጠዋት ጠዋት የሚጠብ ጥሩር

በቴአትር ቤቱ ምድር ቤት፣ በአልባሳት ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከንፈሯ መሀል ስፒል ነክሳ ስለምትውልና ቃል የሚወጣት ስፒሉ ሲያልቅ ብቻ ስለሆነ ሁሉም «እትዬ ስፒል» ይላታል። ባል አላገባችም፤ የሟች እህቷን ልጅ ግን ከአራት ዓመቷ ጀምራ አሳድጋ፣ እዚያው ቴአትር ቤት ተዋናይ ሆና ለማየት በቅታለች።

ሙያውን ያስተማረቻት እቴቴ የምትባል፣ በግራ እጇ የምትሰፋ ሴት ነበረች። እቴቴ አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ አልተመለሰችም። «ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች» ተባለ። የክፍሉ ቁልፍ ለስፒል ተሰጠ፤ ነገሩም በዚያው ተዳፍኖ ቀረ።

አንድ ቀን አዘጋጁ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ «እትዬ፣ ዘንድሮ የጦር አበጋዙን የምትጫወተው ሴት ናት። ያውም የእርስዎ ልጅ!» አላት።

ከደስታዋ የተነሳ ስፒሏን ልትውጠው ምንም አልቀራት። ወዲያው ከሣጥኖቹ ሁሉ ሥር የኖረውን አሮጌ ጥሩር አወጣችው። ወፍራም ቆዳ ላይ የቆርቆሮ ቅጠሎች እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደሩበት፣ ደረትና ጀርባ የሚሸፍን የጦር ልብስ ነው፤ ትከሻው ለሰፋ ወንድ የተሠራ።

«ደረቱ ላይ ሁለት ጉብታ ይውጣለት፤ ሴት መሆኗ ይታወቅ» አለ አዘጋጁ።

«ልጄ» አለችው ስፒል፣ «ሰይፍ ሲመታት እኮ በሁለቱ መሀል ተንሸራቶ ልቧ ላይ ነው የሚያርፈው። ለጠላት መንገድ ጠርገህ ልትሰጠው ነው?»

አዘጋጁ ሳቀና ለእሷ ተወላት።

ደረቱን እንደ ኤሊ ጀርባ አንድ ወጥ አድርጋ አጎበጠችው። ጎንና ጎኑን ተርትራ፣ ወደ ዳሌ እየሰፋ የሚወርድ ቆዳ ጨመረችበት። ወገቡን ሦስት ጣት ከፍ አደረገች፤ ክንድ እንደ ልብ እንዲዘዋወር የብብቱን አፍ ከርከም አደረገችው። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ለበሰችው። ልክክ አለ።

«አክስቴ፣ አብሮኝ የተወለደ እኮ ነው የሚመስለው!»

በማግስቱ ጠዋት አልገባ አላት። አራት ጣት ጎደለ።

«ምን በልተሽ አደርሽ?» ብላ ቀለደች ስፒል። ግን ልጅቷ አልወፈረችም። ስፌቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ስታየው ከብብት እስከ ወገብ ያለው የራሷ ነው፤ ከወገብ በታች ግን ጠቦ እንደገና ተሰፍቷል፤ ክሩም ወደ ግራ ያዘመመ ነው። እጇን ወደ ውስጥ ብትሰድ ቆዳው ሞቅ አላት፤ ሰው አሁን ያወለቀው ይመስል።

መልሳ አሰፋችው። በሩን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። ጠዋት ያው ነው፤ ጠቧል፤ ሞቋል።

በሦስተኛው ጠዋት ልጅቷን ትታ ጥሩሩን ራሱን ለካችው። ደረቱ ጠበብ፣ ወገቡ ረዘም፣ ግራ ትከሻው ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ያለ። ሜትሩ ከእጇ ወደቀ። ይህን ገላ ታውቀዋለች። አምስት ዓመት ሙሉ ቀሚሱን ስትለካ ኖራለች።

በቀጥታ ወደ በሩ፣ ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ወጣች።

«አባባ፣ እቴቴ ያን ጥሩር ለብሳው ታውቃለች?»

«ማን ነገረሽ?» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ሥራ ባልገባሽበት ቀን፣ አበጋዙን የሚጫወተው ሰውዬ ሰክሮ የቀረ ዕለት ነው። የራስ ቁሩ ፊት ይሸፍን የለ? እሷ ለብሳው ወጣች። ቃሉን ሁሉ በልቧ ታውቀው ነበር። አዳራሹ ቆሞ ነው ያጨበጨበላት። ከመድረክ ስትወርድ ሥራ አስኪያጁ ደረሰባትና በሰው ሁሉ ፊት አስወለቃት። ‹የመርፌ ቦታው ልብሱ እንጂ መድረኩ አይደለም› አላት። በሥርዓት ሰቀለችው፤ በዚህ በር በባዶ እግሯ ወጣች። ‹ወዴት ነው?› ብላት አልመለሰችልኝም። በሦስተኛው ቀን ዘመዶቿ ሊፈልጓት መጡ። አላገኟትም፤ እስከ ዛሬም የለችም።»

ስፒል ተመልሳ ጥሩሩ ፊት ተቀመጠች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«እቴቴ፣ አልቀማሽም። ልጅቷ ግን ልጄ ናት። ለሁለታችሁም የሚሆን አደርገዋለሁ።»

ጎኖቹን እስከ ታች ተርትራ ክፍት ተወቻቸው፤ በክር ስፌት ፈንታ ግራና ቀኝ የሚላላና የሚጠብቅ የቆዳ ጠፍር ሰካችባቸው። በማግስቱ ጠፍሩ በግራ እጅ ቋጠሮ ጥብቅ ብሎ ታስሮ አገኘችው። ስትፈታው ግን እሺ አላት። ልጅቷ ለበሰች፤ ልክ ሆነላት።

የመጀመሪያው ትርኢት ከሰዓት በኋላ ነበር። ስፒል ከመጋረጃው ጎን ቆማ ታያለች። ልጅቷ በመጀመሪያው ክፍል ራሷ ነበረች። በሁለተኛው ላይ ግራ ትከሻዋ ዝቅ አለ። ሰይፉን ወደ ግራ እጇ አዛወረችው። አካሄዷ ሌላ፣ ድምጿ ሌላ ሆነ፤ ሰውም ትንፋሹን ዋጠ።

ጭብጨባው ሳያባራ ልጅቷ ወደ እሷ መጣችና ፈገግ አለች። «አንቺ ልጅ፣ አየሽኝ?» አለቻት።

ስፒልን «አንቺ ልጅ» የሚላት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አየሁሽ እቴቴ፤ አኮራሽኝ» አለች ስፒል። ጣቶቿ ጠፍሩን ለመፍታት ይሯሯጣሉ፤ ቆዳው እንደ ምድጃ ይፋጃል። «አሁን ይበቃል። ልጄን መልሺልኝ።»

ጥሩሩ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ልጅቷ ወንበር ላይ ዘፍ አለችና «አክስቴ፣ ውሃ ስጪኝ። ሁለተኛውን ክፍል መቼ ነው የምንጀምረው?» አለች።

ስፒል አዘጋጁ ቢለምንም ቢቆጣም፣ ያን ጥሩር ዳግመኛ ለልጇ አላለበሰችም። ለሳምንት ትርኢቱን አስቁማ፣ ከአዲስ ቆዳ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በልጅቷ ገላ ልክ ሌላ ሠራችላት። ልጅቷም በእሱ ሁለት ዓመት ተጫወተች፤ ስሟም ገነነ። እንደዚያ የመጀመሪያ ቀን ግን አልሆነላትም ይላሉ ያዩት። ስፒል አሮጌውን ጥሩር ወደ ሣጥን አልመለሰችውም፤ ብርሃን በሚያገኝበት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የመስፊያ ጠረጴዛዋንም አዞረችው፤ ጀርባዋን ሰጥታው መሥራት አልሆነላትም።