ተረጋጉ እያልኩ የተሸከምኩት ቃሬዛ

መረጋጋት የሚለውን ቃል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በላስታ ምድር አልተፈጠረም። እኔን ሲያይ ቃሉ ራሱ ይረጋጋል። መብረቅ አጠገቤ ቢወድቅ «ቀስ አትልም እንዴ!» ብዬ የምቆጣ ሰው ነኝ። እርግጥ የመጀመሪያው ተኩስ የተሰማ ቀን በረት ውስጥ ስሸሸግ ከጎረቤት በግ ጋር ተጋጭቼ ግንባሬ ለአንድ ሳምንት አብጦ ነበር። በጉ ምንም አልሆነም።

ቃሉ በእኛ ዘንድ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ወተቱ በቅሉ ውስጥ ረጋ ይባላል። በቅሎዋ ጭነት ስትለምድ ረጋች፣ ጎረምሳው ሚስት ሲያገባ ተረጋጋ ይባላል። ራዲዮው «አካባቢው ወደ ቀድሞ መረጋጋቱ ተመልሷል» ሲል ደግሞ ሴቶች ዱቄት መደበቅ ይጀምራሉ። እኔ አስጎብኚ ስለነበርኩ ቃሉን በስልክ እቸረችረው ነበር።

«ላሊበላ ተረጋግቷል?» ይሉኛል ከአዲስ አበባ።

«ከመረጋጋቱ ብዛት ዝንብ እንኳን አስፈቅዳ ነው የምትበረው!»

«ታዲያ ይሄ የሚያጓራው ምንድን ነው?»

«መንገድ እየተሠራ ነው» እላለሁ፤ ከጀርባዬ ያለው ድሽቃ ነው።

አንድ ጠዋት ከላሊበላ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬደው የታላቅ እህቴ መንደር ገብስ ልናጭድ ወጣን። ከማሳው ግራና ቀኝ ባሉት ጋራዎች ላይ የመሸጉ ታጣቂዎች እርስ በርስ ተኩስ ከፈቱ፤ እኛ መሃል ነበርን። ጎረቤቷ ማጭዱን እንደጨበጠ በፊቱ ተደፋ፣ ቀና አላለም። አንድ በሬ ሆዱ ተዘርግፎ አንጀቱን እየጎተተ ሄዶ ወደቀ። የእህቴ ባል ትከሻው ላይ ተመታ፤ ደሙ ነዶውን አቀላው።

መኪና የማይገባበት መንደር ሁሉ ቃሬዛ አለው። ለቃሬዛ ተጠርቶ የቀረ ሰው፣ ሲሞት ቀባሪ የለውም። አራት ሰው ይሸከማል፣ አራት ተከትሎ ይቀይራል። ያን ቀን ግን የተገኘነው አራት ብቻ ነን፤ አንዱ እኔ።

እህቴ የባሏን ትከሻ በመቀነቷ እያሰረች «መንገዱ ተረጋግቷል?» አለችኝ።

«እንደ ዛሬ ተረጋግቶ አያውቅም።»

«አንተ ቀልማዳ፣ ዐይኔን እያየህ ንገረኝ!»

«አልተረጋጋም፣ እትዬ።»

«እስኪረጋጋ ከጠበቅን ደሙ ያልቃል። እንግዲያው ሬሳ ይሁንና እንለፍ» አለች።

ለቀብር ተኩስ የማያቆም ታጣቂ በአገራችን የለምና፣ ሰውየውን ከራሱ እስከ እግሩ በጋቢ ሸፍነን ተነሣን። እህቴ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች። ከጋቢው ሥር ድምፅ መጣ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ገና ነኝ።»

«ዝም በል፣ ሙተሃል!»

እኔ የፊተኛውን የግራ ጫፍ ይዤ «ተረጋጉ፣ ተረጋጉ» እላለሁ። ደሙ በጠፍሩ ሾልኮ በክንዴ ይወርዳል። እውነትም ተኩሱ ቆመ። ገደሉ አፋፍ ላይ ታጣቂዎች አስቆሙን። አንዱ ጠጉሩን ያንጨበረረ፣ የሰፈራችን ሰው የሚመስል፣ ቆቡን አወለቀ።

«ማን ነው የሞተው፣ እናቴ?»

«ባሌ! ጀግናው ባሌ!» አለች እህቴ፣ ሙሾው ወስዷት።

ጀግና ማለት አልነበረባትም። በእኛ አገር ጀግና ዝም ተብሎ አይቀበርም። ሰውየው «ነፍሱን ይማር፣ እንዲህማ አያልፍም» ብሎ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሦስት ጊዜ ለክብሩ ተኮሰ።

ከገደሉ ማዶ ያሉት ግን የተተኮሰባቸው መሰላቸው። መልሳቸው እንደ በረዶ ወረደ። ያ ክብር የሰጠን ሰው ጉሮሮውን ተመትቶ፣ ቆቡን በእጁ እንደያዘ፣ ቃሬዛው ላይ ተደገፈና ተንሸራቶ ወደቀ። አጠገቤ የነበረው ተሸካሚ ግማሽ ጆሮው ሄደ። ቃሬዛው በአንድ በኩል ተዘነበለ፤ ሬሳችን ከነጋቢው ቋጥኝ ላይ ተጣለና «እግሬን!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱን ታች ሜዳው ላይ ሆኜ ሰማሁት።

ላሊበላ ሆስፒታል ስደርስ ቀድመውኝ ደርሰዋል። በእኔ ቦታ የፊተኛውን የግራ ጫፍ ይዛ የመጣችው እህቴ ናት፤ ትከሻዋ ተልጦ ነበር። አየችኝና ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች።

ባሏ ተርፏል። ትከሻው ሽሮ ዘንድሮ አርሷል፤ ግን ያነክሳል። ሰው ሲጠይቅ ሁለቱም «ጥይት ነው» ይላሉ። እግሩን ጥይት አልነካውም። ጆሮው የተቆረጠው ሰውዬ እንኳን ያልለቀቀውን ቃሬዛ ጥዬ የሮጥኩት እኔ ነኝ።